ሲዲ አላነብ ያለውን ጌም የፈታሁበት ቅዳሜ

ነገሩ ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም። ናይሮቢ ፀሐይ የምትጠፋበት፣ ሰው ሁሉ ሹራብ ደርቦ የሚወጣበት የብርድ ወር ነበር። በሕይወቴ ብዙ ነገር አሳልፌያለሁ። ወልጃለሁ፣ አገር ቀይሬያለሁ፣ ቤት አቋቁሜያለሁ። ደረቴን ነፍቼ የማወራው ታሪክ ግን ይሄ ነው። የቢሮ ጓደኞቼ ደጋግመው ስለሰሙት ሰልችቷቸዋል፤ ስለዚህ ለእናንተ ልጻፈው።

ባለቤቴ ዳንኤል የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነው። ናይሮቢ የመጣነውም በእሱ ሥራ ምክንያት ነበር። እኔ ቆይቼ ጊጊሪ በሚባል ሰፈር አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የአስተዳደር ሥራ ያዝኩ። የምንኖረው ኪሊማኒ ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው። ሊያ የምትባል አንዲት ልጅ አለችን። እዚሁ ያደገች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት።

ከዚያ ብርድ ወር ትንሽ ቀደም ብሎ ዳንኤልን ስትሮክ መታው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ከሆስፒታል ሲወጣ እየተራመደ ነበር፤ ቀኝ እጁ ግን አልታዘዝ አለው፣ ንግግሩም ጠፋ። የምንለው ሁሉ ይገባዋል። ለመመለስ አፉን ሲከፍት ግን የሚወጣለት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ማክሰኞ»። ውሃ ሲፈልግ ማክሰኞ። ሲናደድ ማክሰኞ። ለምን ማክሰኞ እንደሆነ ሐኪሞቹም አልነገሩንም። እኔና ሊያ ከድምፁ ቃና ምን ማለቱ እንደሆነ መለየት ለመድን።

እጁን የምታሠራው ዋምቡይ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት ነበረች። ቤት ድረስ እየመጣች የስፖንጅ ኳስ ታስጨብጠዋለች። «ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ።» ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር የሚያክል ሽቦ ሲበይድ ለኖረ ሰው ይሄ ውርደት ነበር። አንድ ቀን ኳሱን በግራ እጁ አንስቶ በመስኮት ወረወረው። የጎረቤት ውሻ ይዞት ሄደ።

መላውን ያመጣችው ሊያ ናት። ከዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ሕፃን ሳለች ከአባቷ ጋር የምትጫወትበትን አሮጌ የጌም ማሽን አወጣች። አዲስ አበባ እያለን ዳንኤል ራሱ ከፍቶት፣ ኮፒ የተደረጉ ሲዲዎችንም እንዲያነብ ትንሽ ቺፕ በይዶበት ነበር። ያኔ ሰፈር ውስጥ የነበረው ማሽን ሁሉ እንዲያ ነበር።

ጨዋታው ኮፒ ሲዲ ላይ ያለ የመኪና እሽቅድምድም ነው። ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ አውራ ጣት ነው። መጀመሪያ ላይ ሌሎቹ መኪኖች ተፈትልከው ሲሄዱ የዳንኤል መኪና እዚያው መነሻው ላይ ቆማ ቀረች። እሱ ግን አልተወም። ከሥራ ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ያቺን ጣት ሲለምናት አገኘዋለሁ። ከቀናት በኋላ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። እየቆየች መታጠፊያ ማለፍ ጀመረች። ዋምቡይ አይታ፣ እዚህ እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራውና፣ «ማማ ሊያ፣ ይሄንን ቀጥሉ። ከእኔ ኳስ ይሻላል» አለችኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ማሽኑ ሲዲውን አላነብም አለ። ሲዲው ይሽከረከራል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ማንበብ አልተቻለም የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ሊያ ሲዲውን በቲሸርቷ አሸት አሸት አድርጋ መለሰችው። እንደዚያው ነው። የሥራ ባልደረባዬ አዲስ ማሽን አዋሰችን፤ ዳንኤል ግን ገፋው። በኋላ ነው የገባኝ። ከስትሮኩ ወዲህ ጽሑፍ ማንበብ ይቸግረዋል፤ አዲሱ ማሽን ደግሞ በየደረጃው ምረጥ፣ ተቀበል እያለ ይጠይቃል። አሮጌውን ጨዋታ ግን ሳያነብ፣ ከልምድ ያውቀዋል። ያ ጨዋታ አሁን የትም አይሸጥም።

ማሽኑን መሃል ከተማ ይዤ ሄድኩ። እዚህ ጠጋኝ ሁሉ ፉንዲ ነው የሚባለው። የገባሁበት ሱቅ ፉንዲ ትሁት ሰው ነበር፤ ገልበጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ማማ፣ የዚህን መለዋወጫ አሁን ማንም አይይዝም። ይሄ ሞቷል፣ ለልጆቹ ሌላ ግዢላቸው» አለኝ። ለማን እንደሆነ አልነገርኩትም። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ማሽኑን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ዓይኔን እየጠረግሁ ተመለስኩ።

ዳንኤል ወሬውን ሲሰማ ማክሰኞም አላለም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። በማግስቱም አልተነሳም። ዋምቡይ መጥታ ብትለምነው እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አላወጣም። ያኔ ነው የፈራሁት። ሆስፒታል ሳለ እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የዳንኤልን የመሣሪያ ሳጥን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁና የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ማሽኑንም አጠገቡ አኖርኩት። ከዚያ መኝታ ቤት ገባሁ።

«ዳኒ፣ ተነስ» አልኩት። «እኔ ልከፍተው ነው። ካላሳየኸኝ አበላሸዋለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። በሕይወቴ አምፖል ቀይሬ አላውቅም፤ እሱም ያውቃል። ተነሳ።

ጠረጴዛው ጋ ቁጭ እንዳለ መጀመሪያ የጠቆመው ከማሽኑ ጋር የመጣውን ኦሪጅናል ሲዲ ነው። ከተነው። ብዙ ቆይቶ፣ አቃስቶ፣ አነበበ። የኛን ጨዋታ ስንከት ደግሞ ያው ቀጭ ቀጭ። ዳንኤል ሁለቱን ሲዲዎች በየተራ አየና ግንባሩን ቋጠረ። ይሄ ፊት ናፍቆኝ ነበር። የሥራ ፊቱ ነው።

ከዚያ ወደ ሶኬቱ ጠቆመ። ነቀልኩት። መፍቻውን መርጦ ሰጠኝ። ያወጣኋቸውን ብሎኖች ጠረጴዛው ላይ ልበትናቸው ስል «ማክሰኞ፣ ማክሰኞ» ብሎ ወደ ኩሽና አመለከተ። ሊያ ሮጣ አንድ ነገር ታመጣለች፣ አይደለም ይላታል፣ ሌላ ታመጣለች። በመጨረሻ የእንቁላል ካርቶን ስታመጣ አዎ እንደሚል ራሱን ነቀነቀ። እያንዳንዷ ብሎን የራሷ ጉድጓድ ተሰጣት።

ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ የአቧራ ብርድ ልብስ ለብሶ ነበር። ሲዲውን የሚያነበው ሌንስ የምስር ፍሬ ያክላል። የጆሮ ጥጥ በአልኮል ነክሬ፣ ዳንኤል በግራ እጁ አየር ላይ እንዳሳየኝ፣ ሳልጫን ጠረግሁት። ሌንሱ የሚንሸራተትበት ዘንግ ላይ የደረቀውን የማለስለሻ ግራሶም ጠርገን አዲስ ቀባነው።

ሞከርነው። ኦሪጅናሉ ወዲያው ተነሳ። ሊያ ጮኸች። የኛን ጨዋታ ስንከት ግን ማሽኑ ቀጭ ቀጭ አለና ቆመ።

ሊያ ስልኳን አወጣች። «ማሚ፣ ሉክ፣ እዚህ ቪዲዮ ላይ የሌንሱን ኃይል የምትጨምር ትንሽ ብሎን አለች፤ ጀስት እሷን ማዞር ነው።» እኔም መፍቻውን ወደ ብሎኗ አስጠጋሁ።

«ማክሰኞ!» አለ ዳንኤል። እጄ አየር ላይ ቀረ።

ኦሪጅናሉን ሲዲ አንስቶ ዓይኑን በጣቱ ነካ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ቀና አደረገ። የኛን ሲዲ አነሳ፣ አይደለም እንደሚል ራሱን ወዘወዘ፣ ከዚያ ማሽኑ ጥግ ላይ ወዳለ አንድ ቦታ ጠቆመ። ለደቂቃ አሰብኩ።

«ሌንሱ ደህና ነው እያልክ ነው? ኦሪጅናሉን በደንብ ካነበበ ሌንሱ ያያል። ኮፒውን ተቀበል የሚለው ያንተ ቺፕ ነው። የተበላሸው ቺፑ ጋ ነው?»

ፊቱ በራ። «ማክሰኞ!» አለ፤ ይሄኛው ጎሽ ማለቱ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ስመረቅም እንደዚያ ደስ አላለኝም።

ቺፑ ጋ ሄድን። ከእሱ የወጡ ሽቦዎች የሸረሪት ድር ይመስላሉ። ሁሉም የተያዙ ናቸው። ዳንኤል የጥርስ ስንጥር ሰጠኝና እያንዳንዷን ነካ ነካ እንዳደርግ አሳየኝ። ሊያ በስልኳ ካሜራ አጉልታ ታያለች። አንዱ፣ ሌላው፣ ሌላው፤ ንቅንቅ አይሉም። ከዚያ አንዷን ስነካ ሊያ «ዌይት! ማሚ፣ ተንቀሳቀሰች!» አለች። የተበየደች ትመስላለች እንጂ ተላቃ ኖሯል።

ዳንኤል ስልኩን ተቀብሎ አየ። የገዛ ራሱ ብየዳ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በጤናማ እጁ የሠራው። ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና በሳቅ ፈነዳ። ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ስናይ የመጀመሪያችን ነበር። እኔና ሊያ ተያየን፣ እኛም ሳቅን።

ሳቁ ሲያልቅ ሥራው የእኔ መሆኑ ገባኝ። እሱ ያኔ በግራ እጁ ብቻ አይችልም። የመበየጃውን ካውያ ሰካሁት። ወዲያው ማሽኑን እንድነካው ግን አልፈቀደልኝም። ከሳጥኑ ውስጥ የአሮጌ ሬዲዮ ቦርድ አውጥቶ እዚያ ላይ አለማመደኝ። መጀመሪያ የሠራሁት ብየዳ የፍየል በጠጥ ይመስል ነበር። ሊያ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። ዳንኤል አልሳቀም። ሊድ የሚሉትን የብየዳ ቆርቆሮ አስነስቶ እንደገና። አስነስቶ እንደገና። ካውያውን መጀመሪያ ማሞቅ፣ ብረቱን ማስነካት፣ ሊዱን ማቅመስ፣ ቶሎ ማንሳት። አንድም ቃል ሳይኖረው ይሄን ሁሉ አስተማረኝ። በመጨረሻ አንዷ ነጥብ አብረቅርቃ፣ ክብ ብላ ስትወጣ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ጠፍ አደረገ። አልፈሻል ማለቱ ነው።

ወደ ማሽኑ ተመለስን። ሽቦዋን በወረንጦ ያዝኩ፣ ካውያውን አስጠጋሁ። ቦርዱ ግን ይንሸራተትብኛል።

ያኔ አንድ እጅ መጥቶ የቦርዱን ጠርዝ ተጫነልኝ። ቦርዱ ጸጥ አለ። ሊያ አጠገቤ ትንፋሿን ዋጠች። እኔ ዓይኔን ከሽቦዋ ሳላነሳ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሊዱ ቀለጠ፣ ሽቦዋን ዋጣት፣ እኔ ግን እርግጠኛ ለመሆን ካውያውን ትንሽ አቆየሁት።

«በቃ! አንሺው!»

አነሳሁት። ማን እንደተናገረ ለመገንዘብ ጊዜ ወሰደብኝ። ዳንኤልም ራሱ ደንግጦ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ቦርዱን የተጫነውን እጅ አየሁ። ቀኝ እጁ ነበር።

«ዳዲ፣ ምን አልክ?» አለች ሊያ።

«አንሺው» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እንደሚቀምስ ሰው። «በቃ። ይቃጠላል።»

ለእኔ የመጀመሪያ ቃሉ ፍቅሬ አይደለም፣ ስሜም አይደለም። ቁጣ ነው፤ ያውም የቴክኒሻን ቁጣ። ካውያውን መቀመጫው ላይ አኑሬ አለቀስኩ፤ መሃል ላይ ደግሞ ሳቅ ይቀድመኛል። ሊያ አባቷ አንገት ላይ ተጠምጥማለች። እሱ ግን በእኛ መሃል አንገቱን አውጥቶ ብየዳዬን እያየ ነበር።

ማሽኑን ሳንገጥም አበራነው። ሲዲው ተሽከረከረ። ቀጭ አላለም። የመኪኖቹ ሞተር ቤቱን ሞላው።

ሰኞ ዋምቡይ ስትመጣ ዳንኤል እየተጫወተ አገኘችው። «ማን ጠገነው? ፉንዲ አገኛችሁ እንዴ?» አለች። እኔ መልስ ከመስጠቴ በፊት ዳንኤል ቀኝ እጁን ከክርኑ አነሳና ወደ እኔ ጠቆመ። «እሷ» አለ። ዋምቡይ አማርኛ አታውቅም፤ ያቺን ቃል ግን ማንም ሊተረጉምላት አላስፈለገም።

ዛሬ ዳንኤል አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሲደክመው ቃላት ይምታቱበታል። ወደ ሥራው ገና አልተመለሰም፤ መቼ እንደሚመለስም አናውቅም። የፎቃችን ሰዎች ግን የተበላሸ ሬዲዮ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ የልጅ መጫወቻ እያመጡ በራችንን ያንኳኳሉ። እሱ ሕመሙን ያገኛል፣ እኔ እበይዳለሁ። እየተቆጣኝም ቢሆን።

እዚህ አገር ሰው የታመመ ቤት ሲያይ «ፖሌ» ይላል፤ አይዟችሁ እንደማለት ነው። ደረጃ ላይ ያገኙኝ ሁሉ ፖሌ ይሉኛል፣ እኔም ከልቤ አመሰግናለሁ። በራችንን ከፍቼ ስገባ ግን የሚሰማኝ ሐዘን አይደለም። ቃል አጥቶ ሙያውን ባስተማረኝ ሰው እኮራለሁ። በእነዚህ ምንም የማያውቁ በነበሩ እጆቼም እኮራለሁ።