ያልደረስነው ለቅሶ

ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማዬ ብርዱ ገብቶ የማሞቂያው ቱቦ ኳ ኳ ማለት ሲጀምር፣ ያደግኩበት፣ ላንድማርክ የሚባለው ሰፈር ያለው ፎቅ ቤት ይመጣብኛል፤ እዚያ ከታችኛው ፎቅ የሚወራው ሁሉ በቱቦው በኩል ይሰማን ነበር።

ከታች የምትኖረው የክርስትና እናቴ እትዬ ለተ ነበረች። የአስመራ ልጅ ናት፤ ከእናቴ ጋር ሆቴል ሲያጸዱ ተዋውቀው፣ በሰማንያ ቀኔ ታቅፋ ያስጠመቀችኝ እሷ ናት። በጋውን እሷ ዘንድ እውል ነበር፤ ፀጉሬን እየጎነጎነች በአማርኛ ትቆጣኛለች፣ በትግርኛ ታቆላምጠኛለች።

በእሷና በእኛ አገር መካከል የድንበሩ ጦርነት ሲነሳ፣ ቅጠሉ ገና ሳይረግፍ አባቴ ተለወጠ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያለ ሰው የሚያስጨንቅ፣ ማታ ማታ ቆመን ሳንጸልይ ምግብ የማያስነካን ባለታክሲ፣ የእትዬ ለተን ሰላምታ እንኳ መመለስ ተወ።

በብርዱ ወራት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ምሳ ልንቀርብ ስንል ጩኸቷ በቱቦው መጣ፤ ታናሽ ወንድሟ ግንባር ላይ መሞቱን ተረድታ ነበር። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትነሳ አባቴ በሩ ላይ ቆመና፣ «የእኛን ልጆች ሲተኩስ ለሞተ ለቅሶ አይደረስም» አላት። ተመልሳ ተቀመጠች። ከታች እየተለቀሰ ምሳችንን በላን።

ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባታችን ነገሩን ሰምተው መጡ። አባቴ አገር መውደድ ኃጢአት ከሆነ ይንገሩኝ ብሎ ሞገታቸው። እሳቸውም፣ «ውደዳት፣ ግን አትስገድላት። ሴትዮዋ በጥምቀት ዘመድህ ናት፤ ውረድና ለቅሶ ድረስ» አሉት። መስቀላቸውን ስሞ ሸኛቸው እንጂ አልወረደም።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሊፍት ውስጥ ጥቁር ለብሳ ብቻዋን አገኘኋት። አሥር ዓመቴ ነበር። ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። እሷም ፎቋ ጋ ስትደርስ፣ «አባትሽን እሺ በይ፣ ልጄ፤ አልቀየምሽም» ብላኝ ወረደች። አበባው ሳይፈነዳ ቤቱን ለቃ ሄደች።

አገሮቹ ታረቁ ሲባል አባቴ አርጅቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ፊት አልቅሶ፣ እትዬ ለተን ፈልጊልኝ፣ ለቅሶዋን ልድረሳት አለኝ። ጠያየቅኩ። ስፕሪንግፊልድ ስትኖር ቆይታ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል አሉኝ፤ ከላንድማርክ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ስነግረው ራሱን ይዞ ቀረ።

ስንት ዓመት በልቤ ስፈርድበት ኖሬአለሁ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ እሱ ከልክሎኝ ቀረሁ፤ ካደግኩ፣ መኪና ከያዝኩ በኋላ ግን የከለከለኝ ማንም አልነበረም።