አያ ደሴ የሰፋው ፊልም

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ንፋስ መውጫ እቤቴ ቁጭ ብዬ ሽንብራ ስለቅም፣ ልጄ ቃልኪዳን በስልኳ ታየው የነበረ የልጆች ፊልም ነው። መጀመሪያ ልብም አላልሁት፤ ኋላ ግን አመዳይ የሸፈነው ደጅ ላይ ፋኖስ ይዛ የቆመች አንድ ፍሬ ልጅ ሳይ ሽንብራው እጄ ላይ ቀረ። የፈረንጆች የገና ተረት ነው፤ ልጅቱ እናቷ ታማባት፣ ሐኪሙ በበረዶው መንገድ እንዳይጠፋበት ፋኖስ ይዛ ደጅ ትጠብቀዋለች። ይኼኛው በሥዕል ተሠርቶ በአማርኛ የሚናገር ነው። እኔ የማውቀው ሰዎች የተወኑበትን፣ የድሮውን ነበር፤ ያየሁትም ወገዳ ከተማ፣ በቆርቆሮ በተሠራችው ቪዲዮ ቤት ነው።

በዚያ ታኅሣሥ እናቴ ታማ ጸበል ከገባች ወር አልፏት፣ እኔ ወንድሟ አያ ደሴ ዘንድ ነበርሁ። አያ ደሴ በልጅነቱ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማር ቆይቶ ኋላ ልብስ ሰፊ የሆነ፣ ድምፁ ያማረ፣ እንግሊዝኛ ግን አንዲት ቃል የማያውቅ ሰው ነው። እህል አልቀምስ፣ ከልጆች አልጫወት ብዬ ባስቸግረው፣ ገበያው ሲፈታ እጄን ይዞ ቪዲዮ ቤት አስገባኝ። ሞተሩ ውጭ ይጮሃል፣ ናፍጣው ይሸታል፣ ገበያተኛው አግዳሚው ላይ ታጭቋል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነውና የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ለድምፁ ሲል አስረዳን ብሎ አያ ደሴን አስነሳው፤ እሱም ድርሳን እንደሚያነብ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ያየውን ሁሉ በራሱ አማርኛ ይነግረን ጀመር። የፊልሙ ሰዎች ሥጋ ሲቆርጡ አንዲት አሮጊት በጾም ይህን አላይም ብለው ሊወጡ ቢነሡ፣ የእነሱ ጾም ቀደም ብሎ ተፈቷል ብሎ አስቀመጣቸው።

እኔ የማየው ግን የታመመችውን ሴት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ ደረሰ፣ ነጋ፣ ደወል ተደወለ፣ አልጋው ባዶ ሆኖ ታየ። የአያ ደሴን ኮት ጨምድጄ፣ "የት ሄደች?" አልሁት።

ዞሮ አየኝ። "ድና ቤተ ክርስቲያን ሄደች" አለ። "ገና አይደለም እንዴ? ደወሉን አትሰሚም?"

ፊት የተቀመጠ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ "ኧረ አያ ደሴ፣ እንዲያ አይልም" አለ።

"አንተ ዝም በል። ይህን የምሰፋው ለዚች ልጅ ነው፤ አንተን ቢጠብህ ምን አገባኝ።"

ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ስንወጣ የእኔዋ እናትስ ብዬ ብጠይቀው፣ ለገና ትመጣለች አለኝ። ያን ማታ እራቴን በላሁ።

ቃልኪዳን ስልኳን ስታስቀምጥ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በፊልሙ እናትየዋ ሞታለች። ድና አይደል እንዴ ብላት፣ "አይ እማ፣ ሦስት ዓይነት ሆኖ ተሠርቷል፣ ሦስቱንም አይቻለሁ፤ በሁሉም ትሞታለች" አለችኝ። አራተኛ እንዳለ ልነግራት አፌን ከፈትሁና ተውሁት፤ እንደ አያ ደሴ ልሰፋላት እንዳልል፣ አማርኛውን ራሷ ሰምታዋለች።

ያቺ ቪዲዮ ቤት ዛሬ የባጃጅ ጎማ ይሸጥባታል። እናቴ በዚያው ዓመት ፋሲካ ሳይደርስ ዐረፈች፤ አያ ደሴም ካለፈ ብዙ ዘመኑ ነው፣ የፊልሟ እናት ሞታ እንደነበር እንኳ ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

ፊልሙን ባየን ማግሥት አያ ደሴ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፈነ፣ ከጎረቤት በቅሎ ተዋሰ፣ ጸበሉ ድረስ ሄደ። እናቴን ለገና ዋዜማ አመጣት። ጧት ስነቃ የተኛችበት መደብ ባዶ ነበር። አያ ደሴ ደግፎ ቤተ ክርስቲያን ወስዷት ነበር።