የረጋው ማር

የመጀመሪያ ልጄን የዳርኳት በደርግ ጊዜ፣ ሀዋሳ ነው። ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ስለነበር ቃል ኪዳኑ የሚፈጸመው እቤታችን፣ ዳሱ ውስጥ ነበር። እኛ ጠጅም ጠላም አንቀምስም። ለእንግዳ የምናቀርበው ብርዝ ነው፤ ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ሳይገባበት የሚጠጣ።

የሙሽራው እናት መሃል ከተማ ሱቅ ያላቸው፣ ጠጅ በሚጣልበት ቤት ያደጉ ሴት ናቸው። ሽማግሌዎች ስለ ድግሱ ሲነጋገሩ እሳቸው ጠጁን ለልጃቸው ሲሉ ተዉት። አንድ ነገር ብቻ አሉ።

«ብርዙ የማር ይሁን። ዘመዶቼን ሰብስበሽ የስኳር ውሃ ብታጠጪብኝ፣ ዳግመኛ ደጅሽን አልረግጥም።»

ይህን ሲሉ አልሳቁም። ልጄ የምትኖረው እሳቸው ግቢ ነበር። ትዳሯን ከአማቷ ጋር ተኳርፋ እንድትጀምር አልፈለግሁም።

ገበያ ላይ ርካሽ ማር አይጠፋም፤ ምን እንደገባበት ግን የሚያውቀው ሻጩ ነው። ከደጋው የሚወርድ አንድ የሲዳማ ገበሬ ነበር። ማሩ ንጹሕ ነው ይባላል፤ ዋጋው የሌላው እጥፍ ነው። በቋንቋው ተከራከርኩት።

«ቀንስልኝ፣ ለልጄ ሠርግ ነው።»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ንቦቹ ለእኔ መቼ ቀነሱልኝ?»

ገዛሁት። ለድግሱ ካሰብናቸው በጎች አንዱን ተውን። ባለቤቴ ዋጋውን ሲሰማ «ውሃ ለሚገባበት ነገር!» አለ።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል እትዬ ከታናሽ እህታቸው ጋር መጡ። የሙሽራውን እናት እትዬ ነበር የምላቸው። የማሩን ቆርቆሮ አስከፈቱኝ። ስገዛው ፈሳሽ የነበረው ማር ረግቷል። ነጣ ብሎ ጠጥሯል፤ ላዩ አሸዋ ይመስላል።

«ይሄማ ስኳር ነው!» አሉ።

«ማር ነው፣ እትዬ። ብርድ አርግቶት ነው።»

«እኛ ቤት ማር እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። ገበሬው ደጋ ነው፤ ምስክር የለኝም። በልቤ ጌታን ለመንሁ።

እህታቸው ቆርቆሮውን ዞረው አዩት።

«ቆይ እቴ፣ እኛ ለአንዲት ኪሎ ስኳር ቀበሌ ሱቅ ደጅ ተሰልፈን እንውላለን። ይቺ ሴት ይሄን ሁሉ ስኳር ካገኘች፣ ልጅቷን ተያትና እናትየዋን ለልጅሽ አምጪለት!»

ባለቤቴ ሳቁ አመለጠው። እትዬ ላለመሳቅ ከንፈራቸውን ነከሱ። ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ቆርሰው ቀመሱ። አላመጡ። ትንሽ ሰፈፍ ከአፋቸው አውጥተው መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

«ስንት ገዛሽው?»

ነገርኳቸው።

«አብደሻል?» አሉና ማንኪያውን መልሰው ቆርቆሮው ውስጥ ሰደዱ።

በሠርጉ ዕለት በዳሱ መካከል ሳልፍ ከእትዬ ዘመዶች አንዱ ኩባያውን አንስቶ «ጠጁስ?» ሲል ሰማሁ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሳቸው ከወዲያ መለሱለት።

«ዝም ብለህ ጠጣ! ከጠጅህ ይወደዳል።»

ሰውየው ጠጣ፤ ሌላም አስቀዳ።

ልጄ እሳቸው ግቢ ብዙ ዓመት ኖረች። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ስለ አማቷ ክፉ ነገር አውርታልኝ አታውቅም። እሳቸውም ደጄን መርገጥ አልተዉም። እግዚአብሔር ይመስገን።