ወንድሜ በምን እንደ ሞተ

ወንድሜ ጨዋ የሆነው ከሞተ በኋላ ነው። ዛሬ ዘመዶቼ ስለ እሱ ሲያወሩ ብትሰሙ፣ ሰንበት የማያጓድል፣ ታላቅ ሲመጣ የሚነሣ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ልጅ ነበር ይሏችኋል። እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ፤ አንድ ሰሌን ላይ ተኝተን፣ ከአንድ ገበታ በልተን ነው ያደግነው። ውሸታም ነበር። የኔን ድርሻ የተቀቀለ ቦዬ ጎርሶ፣ ገና ሳይውጠው፣ "ድመቷ ወሰደችው" ይለኝ ነበር። ቤታችን ድመት አልነበረችም።

አባታችን ዳሞታ ተራራ ሥር ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ሚሲዮኖቹ ካስተማሯቸው የመጀመሪያዎቹ አማኞች አንዱ ነው፤ ውሸት አይናገርም። ደመናው ጠቁሮ፣ ነጎድጓዱ እየጮኸ እንኳ፣ "ጌታ ከፈቀደ ይዘንባል" እንጂ "ይዘንባል" አይልም። የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ እንዴት እንደዚያ ቀጣፊ ሆነ ብለው ሲጠይቋት እናቴ፣ "አባትየው ያልተጠቀመበትን ሁሉ ልጁ ወረሰው" ትል ነበር።

ከቤት የወጣው በጸሎት ምክንያት ነው። አንድ እሑድ፣ አምልኮው ካለቀ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሰባኪያችን እንዴት እንደሚጸልዩ ለጎረምሶቹ ያሳያል። ዓይኑን ጨፍኗል። እንደሳቸው ይስላል፣ እንደሳቸው ይቃትታል፣ ጸሎቱን አቋርጦ እንደሳቸው ዶሮ ያባርራል። እኛ በሣቅ ስንፈርስ ሰባኪው ራሳቸው መጥተው ከኋላችን ቆሙ። አንድ በአንድ ሾልከን ጠፋን። እሱ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ለሕሙማን ጸለየ፣ ለመንገደኞች ጸለየ፣ በመጨረሻም "አሜን" አለ። "አሜን" ብለው የመለሱለት ሰባኪው ብቻ ነበሩ።

አባቴ በሚቀጥለው እሑድ በጉባኤው ፊት ንስሐ እንዲገባ አዘዘው። እሱ ግን እሑድ ሳይደርስ ዝንጅብል በጫነ መኪና ላይ ወጥቶ አዲስ አበባ ገባ።

እዚያ ቁመቱ አበላው። በቁመቱ እንኳ ዋሽቶ አያውቅም፤ መዋሸት አያስፈልገውም ነበር። ቤተ መንግሥት ለሚጠብቀው ጦር ረጃጅም ልጆች ሲመለመሉ ከሁሉም በላይ ራሱ ወጥቶ ታየና ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ለፈቃድ ሲመጣ ቦት ጫማና ጥቁር መነጽር አድርጎ ነው። መነጽሩን ቤት ውስጥም አያወልቅም፤ በዚህ የተነሣ ጥጃዋ ላይ ተደናቅፎ እበት ላይ ተዘርግቷል። ተነሥቶ፣ ዩኒፎርሙን እየጠረገ፣ "ጦር ሜዳ እንዲህ ነው የምንተኛው" አለ።

ንጉሡ አንድ ቀን በፊቱ ሲያልፉ ቆም ብለው፣ "አንተ የየት አገር ልጅ ነህ?" እንዳሉት ለእናታችን አወራላት። "የወላይታ ነኝ" አለ። "ዘንድሮ ቦዬ እንዴት ነው?" አሉት። እናቴ አመነች። ከጓሮዋ ትልቁን ቦዬ ቆፍራ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ለንጉሡ አድርስልኝ ብላ አስያዘችው። ሻሸመኔ ሳይደርስ እንደ በላው እምላለሁ።

ሌላም ጉድ ነበረው። አዲስ አበባ አንዲት የኦርቶዶክስ ልጅ ወድዶ፣ ቤተሰቧ ደስ እንዲላቸው እንደ ገና ተጠምቋል። በልጅነቱ አባታችን ወንዝ አውርዶ ማስጠመቁን ለቄሱ አልነገራቸውም። ይህን የነገረው ለእኔ ብቻ ነው። "አታፍርም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "አንዱ ባይሠራ ሌላው ይሠራል" አለኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ አግብቼ ሶዶ ከተማ እኖር ነበር። ባሌ አስተማሪ ነው፤ ደግ፣ ግን ጥላውን ሳያስፈቅድ የማይረግጥ ሰው።

በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በታኅሣሥ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ቀረ። እንደ ገና መምጣት ሲጀምር ተሳፋሪዎቹ አያወሩም፤ ስትጠይቃቸው ሻንጣቸውን ይፈልጋሉ። ቆይቶ ወሬው ወጣ። ንጉሡ ባሕር ማዶ ሳሉ የጠባቂው ጦር አዛዦች አድመዋል፣ ከሌላው ጦር ጋር ከተማው ውስጥ ተታኩሰዋል፣ ንጉሡ ተመልሰዋል፣ ያ ሁሉ ዘበኛ ከሃዲ ተብሏል።

የወረዳው ገዥ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰበሰበ። ቀኛዝማች ነው፤ ሆዱ ከፊት፣ እሱ ከኋላ የሚመጣ። እናቴ ለጨው መጥታ ኖሮ አጠገቤ ቆማለች። የእሷ አማርኛ የገበያ ነው፤ "ስንት ነው" እና "ጨምርልኝ" ካለች በኋላ ያልቅባታል። ቀኛዝማቹ፣ እንጀራ በልተው እጅ ስለ ነከሱ፣ ሬሳቸው እንኳ ለአፈር ስለማይገባ ከሃዲዎች ሲናገር ሕዝቡ አጨበጨበ። ባሌ አጨበጨበ። እናቴም ሰዉን አይታ፣ መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች።

"ምን አሉ?" አለችኝ በቋንቋችን።

"ንጉሡ ደኅና ገቡ ነው የሚሉት።"

"እሰይ" አለች። "እሳቸው ደኅና ከሆኑ ወንድምሽም ደኅና ነው። እሱ አይደል የሚጠብቃቸው።"

እንደ ገና አጨበጨበች። ወንድሜን ሳስብ ብዙ ነገር ያስቀኛል፤ ይህ ግን ዛሬም አያስቀኝም።

መርዶው የደረሰን በገበያ ቀን ነው። ልጄን አዝዬ ወላጆቼ ዘንድ ሄጄ ነበር። በጠራራ ፀሐይ አንድ ወጣት ወደ ግቢ ገባ፤ የለበሰው ኮት የሌላ ሰው ነው፣ እጅጌው ክንዱ ላይ ቀርቷል። ከዚያው ከወላይታ፣ ከቦምቤ የሆነ፣ ከወንድሜ ጋር ያገለገለ ልጅ ነው። ጓዶቹ እየተያዙ ስለ ነበር የወታደር ልብሱን ጥሎ፣ ብዙውን መንገድ በእግሩ ነው የመጣው። እናቴ ቆጮ በዳታ አቀረበችለት። አንገቱን ደፍቶ በላ። ዳታው አቃጥሎት ይሁን ሌላ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

አባቴ ታገሠውና፣ "በል ልጄ፣ ያመጣኸውን አውርድ" አለው።

"ሞቷል፣ አባ።"

ማንም አልጮኸም። እናቴ፣ "ምን ሲያደርግ?" አለች።

ልጁ መናገር አፈረ። አለቆቻቸው፣ ሌላው ጦር በንጉሡ ላይ ተነሥቷልና ጠብቁ ብለው እንዳወጧቸው፣ ንጉሡን የከዱት እነሱ ራሳቸው መሆናቸውን የሰሙት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ እንደሆነ ነገረን። ከአንድ አጭር የድንጋይ ካብ ጀርባ ተኝተው ዋሉ። ጥይቱ በላያቸው ያፏጫል። ወንድሜ ቀኑን ሙሉ ሲያወራ፣ ሲያስቃቸው ዋለ።

"ኋላ ሽንቱ መጣ" አለ ልጁ፣ መሬት መሬት እያየ። "ይቅር በይኝ እናቴ፣ እንዲህ ስለሆነ ነው። ተንበርክከህ ሽና አልነው። የወላይታ ወንድ ተንበርክኮ አይሸናም አለና ተነሣ። ካቡ ከቀበቶው አይበልጥም ነበር። አንድ ጥይት ናት። ሱሪውን እንኳ አልቆለፈም።"

 እናቴ፣ "ከልጅነቱም እንዲሁ ነው። ከአጥር ወዲያ ሂድ ብዬ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል" አለችና ሣቀች። ሣቁ መሃል ላይ ተሰበረና ጩኸት ሆነ። አባቴ ተነሥቶ፣ በትሩን ይዞ፣ ወደ እንሰቱ መሃል ገባ። ሲመለስ ጉልበቱ አፈር ነበር።

አሁን ችግሩ ማልቀስ ነው። ለከሃዲ እንዳይለቀስ ቀኛዝማቹ አስነግሯል። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ ለቅሶም ካልተቀመጥን እርማችንን በምን እናውጣ? መርዶውን ሰምቶ ከሶዶ የመጣው ባሌ፣ "በመኪና አደጋ ሞተ ብንል" አለ። አባቴ፣ "በልጄ ላይ አልዋሽም። ሞተ እላለሁ፤ በምን ብለው ሲጠይቁኝ ያን ጊዜ ጌታ ያውቃል" አለ።

እሱ ባይዋሽም አገሩ ዋሸለት። ለቅሶ የመጣው ሁሉ የየራሱን ሞት ይዞ መጣ። ግማሹ መኪና ገለበጠው፣ ግማሹ መብረቅ መታው፣ አንዲት አሮጊት ጥሬ ሥጋ በልቶ ነው አለች። የሶዶዋ ጎረቤቴ፣ አባቷ ከሸዋ የመጡ ወታደር የነበሩ ሴት፣ በወባ ነው ብላ ደረቷን እየደቃች ገባች። "እትዬ፣ አዲስ አበባ ወባ የለም እኮ" ብላት፣ "ለቅሶ ላይ የሚመረምር ሐኪም አይመጣም" አለችኝ።

ሐኪም አልመጣም፤ ቀኛዝማቹ መጣ። በበቅሎ፣ ሁለት ነጭ ለባሽ አስከትሎ።  አባቴን አስነሣና በአማርኛ ጠየቀው፤

"ልጅህ አዲስ አበባ ነበር ይባላል። በምን ሞተ?"

የአባቴ አማርኛ ከእናቴ ብዙም አይሻልም። ቃል ፈለገ፣ አገኘ፣ እውነቱን ተናገረ፤

"በሽንት ነው፣ ጌታዬ።"

"በሽንት?" ቀኛዝማቹ ግንባሩን ቋጠረ፤ ከዚያ ፈታው። "ኩላሊት ነዋ። ታላቅ ወንድሜን የጨረሰው እሱ አይደል። ዘግቶት ነበር?"

"የለም፣ ጌታዬ። እየሸና ነው።"

"ሲለቅ ነው የሚገድለው። የወንድሜም እንዲሁ ነበር። ተሠቃየ?"

"ቶሎ ነው ይላሉ።"

"ተመስገን በል። ወንድሜ ስንት ወር ጮኸ።" የአባቴን ትከሻ ነካ አደረገ። "በሉ አልቅሱ። ለሚሸና ሰው የገብስ ውኃ ጥሩ ነው፤ ልጆች ካሉህ አጠጣ።" ነጭ ለባሾቹ ለበቅሎው ሣር እስኪያበሉ ቆይቶ፣ እሱም ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ ሄደ። ለማን እንዳለቀሰ አላውቅም፤ ለወንድሙ ይሆናል።

የተባባሉትን በቋንቋችን ሹክ ስላት፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ሴቶቹ ደግፈው ያዟት። ሣቋን የሰማሁት፣ እንባዋንም ያየሁት አጠገቧ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰዉ ሲበተን አባቴ ጠራኝ። "ዋሸሁ?" አለኝ።

"አልዋሸህም፣ አባ። ያልከው ሁሉ የሆነ ነው።"

"አዎ። ግን ሰውየው ሲሳሳት ዝም አልኩ፤ ደስም አለኝ።" መሬቱን በበትሩ ጫረ። "ለካ ይጣፍጣል። ያን ልጅ በከንቱ ነው የተቆጣሁት።"

ስለ ሁለተኛው ጥምቀት አባቴ ሳያውቅ አለፈ። ለሶዶዋ ጎረቤቴ ለእትዬ ግን ነገርኳትና፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያኗ ፍትሐት አስፈታችለት። በሁለቱም በኩል ተጸለየለት እንግዲህ። ባሰበው መንገድ ነው የሄደው።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ በስድሳዎቹ መጨረሻ፣ ያ ከሃዲ የተባለው ሁሉ ሰማዕት ነው ተባለ። አባቴ በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበረም። አንድ የዘመዶቻችን ልጅ፣ ካድሬ ሆኖ፣ ቀይ ጨርቅ በተዘረጋበት ስብሰባ እናቴን ከፊት አስቀመጣትና ስለ ጀግናው ልጇ እንድትናገር ለመናት።

እናቴ ተነሣች። "ልጄ ንጉሡን እየጠበቀ ሞተ" አለች።

ባሌ ወንበሩ ውስጥ ሰጠመ። ካድሬው ወደ ጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ "እማማ፣ አሁን እንዲህ አይባልም" አላት፤ እኔ ከኋላ ስለ ነበርኩ ሰማሁት።

"ያን ጊዜም አይባልም ነበር" አለችው። "የኔ ልጅ አሟሟት የሚባለው መቼ ነው?"

 ካድሬው መፈክር አሰማና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ። ዘመድ መሆኑ በጀን፤ ነገሩን ማንም አላነሣው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባሌ ከፊታችን ይሄዳል። አሁንም በፍርሃት ያልበው ስለ ነበር ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ያናፍሳል። እናቴ መላጣውን ስታይ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

"ወንድምሽም ቢኖር ይመለጥ ነበር?"

አሰብኩ። አባታችን ተመልጦ ነበር፤ አጎቶቻችንም። "ይመለጥ ነበር" አልኳት።

"ይመለጥ ነበር" አለች። ክንዴን ያዘችኝና ዳገቱን ቀስ ብለን ወጣን።