ከዳንግላ እስከ ዘንገና በግራ እጄ የያዝኩት ፌስታል

ዳንግላ፣ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

በሩን ሁለት ጊዜ ቆለፍኩት። ጋሪው ላይ ከወጣሁ በኋላ ደግሞ ወርጄ ቁልፉን ነካ ነካ አደረግሁት። ባለጋሪው ልጓሙን እንደያዘ ሳቀብኝ።

"እትዬ፣ ቤቱንም ጭነነው እንሂድ ወይ?"

እኔ አልሳቅሁም። በግራ እጄ ፌስታል ይዣለሁ። ውስጡ የልጄ የውባለም ዲግሪና የሥራ ልምድ ወረቀቶች አሉ፤ ኮፒ ሳይሆን ዋናዎቹ። ዝናብ እንዳይነካቸው በሦስት ላስቲክ ጠቅልያቸዋለሁ።

ውባለም እንጅባራ የመንግሥት አስተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት በሚተርፋት ጊዜ ስንት ዓመት ያለ ደመወዝ ስካውቶችን፣ ማለትም ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው በጎ ሥራና ራስን መቻል የሚማሩ ልጆችን፣ ስትመራ ኖራለች። አሁን የአገሪቱ ስካውቶች ሁሉ የሚመሩበት ድርጅት ዋና ሥራ አስፈፃሚ ፈልጎ ሲያወዳድር ተወዳድራ አለፈች። ደመወዝ ተከፍሏት አዲስ አበባ ትቀመጣለች፤ ከቦርዱ በታች ያለው ሥራ ሁሉ በእሷ እጅ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ዋና ወረቀቶቿን ይዛ ካልቀረበች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

በስልክ እንዲህ አለችኝ። "እምዬ፣ ወረቀቶቼን ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ። ሥራዬን በዓይንሽ እይው። ልብሽ እምቢ ካለ ይዘሻቸው ተመለሽ፤ አልቀየምሽም።"

እውነቱን ለመናገር፣ የተነሳሁት ይዣቸው ልመለስ ነው። ጡረታ ያለው ሥራ ተትቶ ፊሽካና የአንገት ሻርፕ?

መናኸሪያ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል

የሚኒባሱን ሾፌር መንገዱ ሰላም እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት።

"ማዘር፣ እኔም እናት አለችኝ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" ብሎ ጋቢና አስቀመጠኝ። "ፌስታሉን እዚህ ላስቀምጥልዎት?"

"አይሆንም።"

"ወርቅ ነው እንዴ?"

"ከወርቅ ይበልጣል።"

"እንግዲያው የእኔ እጅ መሪው ላይ፣ የእርስዎ እጅ ፌስታሉ ላይ ይሁን!" አለና ተነሳን።

ጉሙ ገና ከሜዳው አልተነሳም። አዲስ ቅዳም ስንደርስ የከሰል ጆንያ በመንገዱ ዳር ተደርድሯል። አንዲት ሴት ድንች በሳፋ ይዛ በመስኮት "ትኩስ ቅቅል!" ትላለች። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱን ለሾፌሩ ሰጠሁት። በቀኝ እጄ ብቻ መላጥ አቅቶኝ ከነልጣጩ በላሁ።

እንጅባራ፣ ሁለት ሰዓት

ብርዱ አጥንት ይገባል። ነጠላዬን ደርቤ አንገቴን ሸፈንኩ። የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩት ሰዎች ሥራ ጀምረዋል፤ አዲስ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይሸታል። ሻይ በዳቦ ቀመስኩና በባጃጅ ወደ ዘንገና ሐይቅ ሄድኩ።

ዘንገና፣ ሦስት ሰዓት

ሐይቁ ክብ ነው፣ ዙሪያውን ዛፍ። ወርዱን አይቼ ሳልጨርስ ጥልቀቱ አስጨነቀኝ። ከዳርቻው ከፍ ብሎ ባለው ሜዳ ድንኳኖች ተተክለዋል፤ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ያሰሩ ልጆች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሲገናኙ በግራ እጅ ይጨባበጣሉ! በእኛ አገር ግራ እጅ ለሰው ይዘረጋል? ልጄ ይህን ልታስተምር ነው አዲስ አበባ የምትሄደው?

ውባለም ግንባሬን ሳመችኝ። ፌስታሉን አየችው፤ አልጠየቀችኝም።

እኔ ዓይኔ ውሃው ላይ ነው። አርባ ሁለት ልጆች እንዳሉ ነግራኛለችና ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አርባ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ። አርባ አንድ!

"ውባለም! አንድ ልጅ የለም!"

አልደነገጠችም። ፊሽካዋን ሁለት ጊዜ ነፋች። ልጆቹ ሮጠው ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያያዙና ተራ በተራ ቁጥር ጠሩ። አርባ ሁለት ሞሉ።

"ከድንኳኑ ጀርባ እንጨት የምትለቅመዋን ዘለልሻት፣ እምዬ። በየሩብ ሰዓቱ እንዲህ እናደርጋለን።"

"ይህን ማን አስተማረሽ?"

"አንቺ ነሻ! ዳንግላ ገበያ ስትወስጂን በየአሥር እርምጃው ትቆጥሪን አልነበር? አሁን ይህ ነገር በየክልሉ በደንብ እንዲሠራ ማድረግ ነው ሥራዬ የሚሆነው።"

"ለዚህ ደመወዝ ይከፍሉሻል?"

"ይከፍሉኛል።"

"ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን በነፃ ስሠራ ኖሬያለሁ?"

ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።

ከቀትር በኋላ

የሜዳው ጎረቤት የሆኑ አያ አለኸኝ የሚባሉ አዛውንት በፈረስ መጡ። የልጅ ልጃቸው ከስካውቶቹ አንዷ ናት። ከፈረሱ ሲወርዱ ልጅቱ በደስታ ሮጣ ግራ እጇን ዘረጋችላቸው።

ሽማግሌው እጇን አዩት፤ በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ውባለም ቀረብ ብላ እጅ ነሳች። "አያ፣ ይቅርታ ያድርጉላት። ለታላቅ በቀኝ እንደሚሰጥ ታውቃለች፤ ደስ ብሏት ረስታው ነው። በግራ የምንጨባበጠው እርስ በርሳችን ነው። ድሮ ጦረኛ ጋሻውን የሚይዘው በግራ እጁ ነበር ይባላል። ግራውን የሚሰጥ ጋሻውን ያስቀመጠ፣ ያመነ ሰው ነው።"

አያ አለኸኝ ወደ ልጅቱ ዞሩ። ግራ እጃቸው ልጓሙን እንደያዘ ነው።

"እኔ ይችን እጅ ለፈረሴ እንጂ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም" አሉ። ከዚያ ልጓሙን ለውባለም አቀበሉና ግራቸውን ለልጅቱ ዘረጉላት። "እንኪ! ግን ለቅሶ ቤት እንዳትሞክሪው፣ ያባርሩሻል!"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ እንባዬ መጣ። በኋላ ልጄን ወደ ጎን ጠራኋት። እንደ ወጉ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ሰጠችኝ።

"በቀኝ አይደለም" አልኳት።

ግራዬን ለመስጠት የያዝኩትን መልቀቅ ነበረብኝ። ፌስታሉን በቀኝ እጇ አስያዝኳትና ግራዬን ዘረጋሁላት። ከማለዳ ጀምሮ ያልተከፈተ መዳፌ በላብ ረጥቦ ነበር። እሷ አጥብቃ ያዘችው።

"ነገ ስትሳፈሪ ደውዪ" አልኳት። "ስትደርሺም። መሀል ላይም።"

ወደ ዳንግላ፣ አሥር ሰዓት ተኩል

እንጅባራ መናኸሪያ ያ የጠዋቱ ሾፌር ተሳፋሪ ሲጠብቅ አገኘሁት። አሁንም ጋቢና አስቀመጠኝ። ሁለት እጄን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ስቀመጥ አየኝና ደነገጠ።

"ማዘር! ያ ፌስታል የት ሄደ?"

"አዲስ አበባ" አልኩት።