ለታደለች ያልደረሰው መርዶ

ይህንን ለሚስቴም አልነገርኳት። ለፓስተሬም፣ እሁድ እሁድ ጎኔ ለሚቀመጠው ጓደኛዬም ትንፍሽ አላልኩም። ስለ ኢንተርኔት ማውራት የማይደክመኝ ሰው ነኝ። አዲስ መተግበሪያ ወጣ ከተባለ ሶዶ ውስጥ ከእኔ ቀድሞ የሚያወራ የለም። ስለዚህች አንዲት ነገር ግን አፌን ዘግቼ ሁለት ጊፋታ አሳለፍኩ። ሰው አዲሱን ዓመት ሲቀበልና ሲታረቅ እኔ አብሬ እበላለሁ፣ አብሬ እስቃለሁ፣ አልናገርም። ዛሬ እናንተ ስሙኝ። አጽናኑኝ አላልኩም፣ ስሙኝ ብቻ።

ሥራዬ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ስልክና ኮምፒውተር መጠገን ነው። ይህ ለእኔ አነሰኝ። እኔ የስክሪን ለጣፊ ብቻ ሆኜ ልቅር? ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩና ስለ አዳዲስ ድረ ገጾች መጻፍ ጀመርኩ። «ይህንን የማያውቅ ወደኋላ ቀረ»፣ «ይህ መሣሪያ ሁሉን ነገር ይቀይራል» እያልኩ በየቀኑ እለፈልፍ ነበር። የምለፈልፍለትን ነገር ግማሹን ከፍቼ አላየሁትም። ከሌላ ቻናል ገልብጬ፣ ስሜን ከሥር ለጥፌ፣ ስንት ሰው አየው እያልኩ ቁጥሯ ላይ ሳፈጥ እውል ነበር።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። እነዚህ ነገሮች ምንድን ናቸው? ትናንት ፊደል ማረሚያ የነበረው ዛሬ ስሙን ቀይሮ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ በነጻ ነው ይልሃል። ከለመድከው በኋላ በሩን ይዘጋብሃል። ዓመት ሳይሞላው ኩባንያው ለሌላው ይሸጣል፣ ገጹ ይጠፋል፣ ያስገባኸው ሁሉ ገደል ይገባል። ባለቤቶቹ ደግሞ ዐይናቸውን በጨው ታጥበው ሌላ ይከፍታሉ። ንቄያቸዋለሁ፣ ከልቤ ነው የናቅኳቸው። ግን እነሱ ከሶዶ አለፍ ብሎ ያለው ሁምቦ የት እንዳለ አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። እያጨበጨብኩ ሰፈሬ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፣ ንቀቱም መጀመር ያለበት ከእኔ ነው።

የሰፈራችን እድር መርዶ ነጋሪ ጋሽ ሎሃ ይባላሉ። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፍተው የሚያልፉ ዓይነት ሰው አይደሉም። በየቤቱ ይሄዳሉ፣ ደጃፍ ላይ ይቆማሉ፣ ከራሱ ከባለቤቱ አፍ «ሰማሁ» የሚል ቃል ሳይሰሙ አይነቃነቁም። ሰውየው እርሻ ከሆነ እርሻው ድረስ ይከተሉታል። ቦዲቲም ይሁን ሁምቦ፣ ልጅና ወንድም የሆነ ሁሉ «ሰማሁ» ማለቱን ተመልሰው ካልነገሩ ሬሳ አይወጣም። ወጉ ይህ ነበር። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ይህ ኋላቀርነት ነው አልኩ። ሰውዬውን ፊት ለፊታቸው «ባለ ሁለት እግር ኔትወርክ» ብዬ ጠራኋቸውና ወጣቱ ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ሎሃ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይሄ ያንተ ስልክ ሰማሁ የሚለውን ይሰማል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ከእርስዎ ጆሮ የተሻለ ይሰማል ብዬ ቀለድኩ።

ኮድ ሳይጻፍ መተግበሪያ የሚሠራበት አንድ ድረ ገጽ አገኘሁ። የአባላቱንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን ስልክ አስገባሁ። ሰው ሲሞት አንድ ጊዜ ስጫን ለሁሉም መልእክት ይሄዳል። ያልደረሰው ሰው ስሙ ፊት ቀይ ነጥብ ይታያል፣ ሲደርሰው አረንጓዴ ይሆናል። ስልክ ለሌለው ደግሞ በሰው ከተነገረው በኋላ ጸሐፊው በእጁ «ደርሷል» የሚለውን ይጫንለታል፤ ከዚያ ወዲያ መሣሪያው ለዚያ ሰው መላኩን ያቆማል። ጸሐፊው ማነው? እኔ። ሽማግሌዎቹ አረንጓዴውን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። ጋሽ ሎሃም በምስጋና ተሰናበቱ፣ አንድ ፎጣም ሸለምናቸው።

ወሬው ሐዋሳ ደረሰ። ደረሰ እላለሁ እንዴ፣ እኔው ነኝ ያደረስኩት። አዳዲስ ፈጠራዎችን እንደግፋለን የሚሉ ሰዎች ሐሙስ ቀን መጥተን እናያለን አሉኝ። ሸሚዝ አስተኮስኩ። ሐሙስ ጠዋት ሳልነሳ ስልኬ ጮኸ፤ ጎረቤታችን እማማ ማርታ ዐርፈዋል። የእጃቸውን ጎርሼ ያደግኩ ሰው ነኝ። ታዲያ መጀመሪያ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ! እንግዶቹ የሚያዩት እውነተኛ ሞት ተገኘ ብዬ ደስ አለኝ።

መልእክቱን ላክሁ። ነጥቦቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። አንዷ ግን አልሆነችም። ታደለች፣ ሁምቦ ያገባችው የእማማ ማርታ ብቸኛ ሴት ልጅ። ሁለት ጊዜ ደወልኩላት፣ ስልኳ ዝግ ነው። የምትኖርበት ቀበሌ መብራት የለውም፣ ስልኳን ገበያ ወጥታ ነው የምታስሞላው፣ ይህንን አውቅ ነበር። መኪና ተሳፍሮ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት በእግር ቢኬድ ቤቷ ይደረሳል፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ጋሽ ሎሃ ከደጄ ሃያ እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። ሂዱልኝ ብላቸው ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ይነሱ ነበር። ግን እንዴት ብዬ ልለምናቸው? እንግዶቹ በር ላይ ናቸው። በዚያ ሁሉ አረንጓዴ መሀል አንዲት ቀይ ነጥብ ዐይኔን ወጋችኝ። ጫንኩት። በራሴ አውራ ጣት፣ በታደለች ስም ላይ «ደርሷል» ብዬ ጫንኩት። ማንም አልገፋኝም፣ አልተሳሳትኩም፣ እያወቅኩ ጫንኩት።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ፎቶ ተነሳን። ለቅሶ ቤት አጠገብ፣ ጥርሴን አሳይቼ ፎቶ ተነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ የታደለች ታላቅ ወንድም መምህር ዳዊት መጣና ክንዴን ያዘኝ። «እህቴ ሰምታለች?» አለኝ። ያኔ እንኳ ጊዜ ነበረኝ። አልሰማችም ብዬ ብነግረው ቀብሩን ለማግስቱ ያሳድሩት ነበር፣ ሰው ይልኩ ነበር። ስልኬን አውጥቼ አረንጓዴዋን ነጥብ አሳየሁት። ዐይኑን ጨፍኖ ከፈተ። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ጠበቋት። ከሁምቦ በኩል መኪና በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። እኔም አብሬ ዞሬ አየሁ፤ እንደማትመጣ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ ቀበሯቸው።

ታደለች ሰምታ የደረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው፣ ገበያ ላይ ሰው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሏት። ፊቷን እየነጨች ስትገባ ማንም አልተነሳላትም። በዚያ ዓመት ልጇ ታሞባት ለጊፋታ ሳትመጣ ቀርታ ስለነበር ወንድሞቿ ድሮም ቅር ብሏቸዋል። አሁን ደግሞ የእናቷን መርዶ ሰምታ የቀረች ሴት ሆነች። እኛ አገር ከዚህ የከፋ ነውር አለ? አልሰማሁም ብላ ማለች። ዳዊት «ደርሶሻል፣ በዐይኔ አይቻለሁ» አላት። ማንን ይመኑ፣ እሷን ወይስ ስልኩን? ስልኩን አመኑ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ከንፈሬን እየመጠጥኩ ተቀምጬ ነበር።

በወሩ ሱቄ መጣች። ባለ ቁልፍ ስልኳን ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማንበብ አትችልም። በወላይትኛ ቀስ ብላ፣ ወንድሟ መልእክቱ ገብቷል እንዳለ፣ እዚህ ውስጥ ካለ ፈልጌ እንዳነብላት ለመነችኝ። ስለ እናቷ ምን እንደሚል መስማት ትፈልጋለች። ስልኩን አነሳሁ። ምንም የለም፣ እንደሌለም አውቃለሁ። ደጋግሜ የምፈልግ መስዬ ነካካሁት። ከዚያ ምን አልኳት መሰላችሁ? «ገብቶ ነበር፣ ሳታውቂው አጥፍተሽዋል» አልኳት። ደረቷን መታች። «እኔው ነኛ» አለች። ስልኳን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ፣ አመስግናኝ ሄደች።

አመስግናኝ! ያንን ስትሰሙ ምን ትሉኛላችሁ? እኔ ራሴን የምለውን ያህል አትሉኝም።

ከዚያ ሽማግሌ ላከች። ወንድሞቿ ግቢ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጋሽ ሎሃም በአንድ በኩል ነበሩ፣ እኔን ይመለከቱኝ ነበር። ታደለች ነጠላዋን አጣፍታ መሀላችን ተንበረከከች። «የእናቴን መርዶ በእጄ አጥፍቻለሁ፣ ስልክ ባለማወቄ ነው፣ ይቅር በሉኝ» አለች። ወንድሞቿ ይቅር አሉ። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ወደ እኔ ዞሩ። እድሩ በዚህች ልጅ ምክንያት ቀብር አቆይቷል፣ እድሩም ይቅር ይበላት አሉ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ሁሉም ያየኛል። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብናገር ከጉልበቷ ትነሳ ነበር። እጄን ዘርግቼ «ይቅር ብለንሻል» አልኳት። ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች።

ድረ ገጹ ባለፈው ዓመት ተዘግቷል። ባለቤቶቹ ሌላ ሳይከፍቱ አልቀሩም፣ ገደል ይግቡ፣ አልተከታተልኳቸውም። ቻናሌንም ዘግቻለሁ፤ ይህ ግን ጽድቅ ሆኖ እንዳይቆጠርልኝ። አላወቅኩም አልል፣ ወጣት ነበርኩ አልል፣ መሣሪያው አሳሳተኝ አልል። መሣሪያው ቀይ ብሎ እውነቱን ነግሮኝ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታም አልለምንም፣ ሰጪ ሆኜ ተቀምጫለሁና በምን አፌ እለምናለሁ?

መምህር ዳዊት፣ ይህንን ታነባለህ። ካነበብክ በኋላ የምታደርገኝን አድርገኝ፣ ሱቄን ታውቀዋለህ። መጀመሪያ ግን ሁምቦ ውረድ። በስልክ እንዳትነግራት፣ ራስህ ሄደህ ንገራት፤ ያጠፋችው መልእክት የለም። እናታችሁ በሞቱበት ቀን እህትህን ማንም አልጠራትም።