ሳይሰናበት የሄደው ሰርቨር

ደዶ ያለው ቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት ቡና እየተረከበ መሆኑን በገበሬው ስልክ ላይ የሚያሳይ ሰርቨር፣ ማለትም ከስልኮች ጋር መልእክት የሚለዋወጥ ፕሮግራም፣ የጻፍኩት ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ቀበሌ ከተከራየኋት ክፍል ሆኜ ነው። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ መልእክቱ ተቆራርጦ ይደርሳል። ሰርቨሩ ቁርጥራጩን ሰብስቦ፣ አንዱን መልእክት ከሌላው ሳያደባልቅ እንዲያነብ ለማድረግ ሳምንታት ለፋሁ፤ ኮራሁበትም። ግንኙነቱን መዝጋቱን ግን ናቅኩት። ደንቡ ሰርቨሩ «ልዘጋ ነው» ብሎ፣ ስልኩም «እሺ» ብሎ፣ ከዚያ እንዲለያዩ ነው። እኔ ዝም ብሎ እንዲቆርጥ አደረግኩት። ማን ያየዋል!

አንድ ቀን የጣቢያው የቡና መፈልፈያ ማሽን ተበላሽቶ መረከብ ቆመ። ሥራ የለም ብዬ ሰርቨሩን አጠፋሁት። እዚያው ደዶ ቡና የምታመርተው የአክስቴ ስልክ ግን ማንም ምንም ስላልነገረው «እየተረከብን ነው» እንዳለ ቀረ። እሷም ቀኑን ሙሉ የለቀመችውን ቀይ ቡና በአህያ ጭና ሄደች። በሩ ተዘግቷል። እሸት ቡና ደግሞ አያድርም፤ በማግስቱ ስደርስ ኬሻው ውስጥ ኮምጥጧል።

ስለ ኔትወርክ ላስረዳት ጀመርኩ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ኬሻውን እያራገፈች፣ «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዳ እንኳ ሲወጣ ‹ልሂድ› ይላል» አለችኝ።